ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ቀይ ቁጥር

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "የወተት ኮምፒውተር እጠግናለሁ" እላለሁ። ባለቤቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ለጎረቤት የምታወራው ግን ሌላ ነው፤ "የእኔ ባል ከላም ኋላ ቆሞ ገመድ የሚጎትት ነው" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ከእኔ መልስ የእሷ ይቀርባል።

ከእስቴ እስከ ጋይንት፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ወተት የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ መሥሪያ ቤቴ ነው። ወተቱ የሚመዘንበት ሚዛን ከኮምፒውተር ጋር ተያይዟል፤ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ለሰው ስልክ መልእክት ይልካል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር በባትሪ ይዞ ያቆየዋል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ማንም አያስታውሰኝም። አንዱ ሲቆም ግን ስልኬ እንደ ሠርግ ቤት ይጮኻል። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ካልሲው ነው። በረት ውስጥ ዲግሪ አይታይም፤ እበት ላይ የተንሸራተተ ሁሉ እኩል ነው።

አንድ ጊዜ ስማዳ ውስጥ ባትሪው አልሞላ ብሏል ተብዬ ሄድኩ። ሳጥኑን ስከፍት ዶሮ ተኝታበታለች። ሙቀቱን ወዳው ነው። ላነሣት እጄን ስዘረጋ ባለቤቱ ክንዴን ያዘኝ።

"አቅፋለች እኮ" አለኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄ የኮምፒውተር ባትሪ ነው።"

"እሱማ በኋላም ይሠራል። እሷ ግን አሁን ከተነሣች እንቁላሉን ትተወዋለች።"

ሪፖርቴ ላይ "ጥገናው ለሁለት ሳምንት ተራዝሟል፤ ምክንያት፦ ዕቃው ሥራ ላይ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ምን ማለቴ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። በሁለት ሳምንቱ ተመልሼ ባትሪውን ሠራሁና፣ ጫጩቶቹ ስንት እንደሆኑ ሰውየውን ጠየቅሁት።

"አሉ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያኔ ይህን መልስ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ አርብ ገበያ ላይ የገጠመኝ ጣጣ አይገጥመኝም ነበር።

አርብ ገበያ ከተማ ዳር ያለው የወተት ማኅበር ሚዛን የእኔ ኩራት ነበር። ራሴ ነኝ የተከልኩት። ጀሪካን ሲቀመጥበት ክብደቱን በቀይ መብራት የሚያሳይ ሰሌዳ አለው፤ አንዱ ቁጥር ብቻ የስንዝር ቁመት አለው። መመሪያው ሰሌዳውን ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከውስጥ አድርጉት ይላል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ። ማንም ተጭበረበርኩ እንዳይል፣ ሁሉም በዓይኑ እንዲያይ ብዬ መሰላል ላይ ወጣሁና ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ከሰልፉ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ፎቶ አንሥቼም ለአለቃዬ ላክሁለት።

ከአራት ወር በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደወሉልኝ። ሊቀ መንበሩ መሪጌታ ናቸው። ጋይንት ቤተ ልሔም ዘልቀው ድጓ የተማሩ፣ ማሕሌት የቆሙ ሰው ስለሆኑ ድምፃቸው ስልክ ባይኖርም እስቴ ድረስ የሚሰማ ነው።

"አንተ ሰው፣ ሚዛንህ ወተት ይጠጣል" አሉኝ።

"እንዴት ነው የሚጠጣው መሪጌታ?"

"ከተሰቀለ ጀምሮ የሁሉም ወተት ቀንሷል። ላሞቹ እነዚያው ናቸው፣ ሣሩ ያው ነው፤ አዲስ ነገር ቢኖር ያንተ ሚዛን ነው። አርብ ስብሰባ አለን። ከዚያ በፊት ድረስ።"

ረቡዕ በደብረ ታቦር ዞሬ፣ አውቶቡስ ላይ ከአንድ በግና ከሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጋር ተጋፍቼ፣ ሐሙስ ጧት ወተት ሲረከቡ ደረስኩ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል። በልኩ ሃያ ሊትር ውሃ ሞላሁና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሰሌዳው ሃያ አለ። አሥር አደረግሁት፤ አሥር አለ።

"ውሃ ወተት አይደለም" አሉ መሪጌታ።

"ለሚዛን አንድ ነው መሪጌታ።"

"እስቲ ከበድ ባለ ነገር ሞክረው።"

አካባቢውን ባይ ከእኔ የከበደ ነገር የለም። ወጣሁበት። ቀዩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፤ ሰልፉ በሙሉ ቀና ብሎ አነበበኝ። ሆዴን ሳብ አደረግሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከሰልፉ ጫፍ አንዲት አሮጊት፣ ነጠላቸውን በጀሪካናቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ እንዲህ አሉ፦

"ለዚህኛውስ ፋጉሎ አይጨመርለት።"

ሰልፉ በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቶሎ ወረድኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ወተት የምትመዘግበዋ ልጅ ወደ ውስጥ ጠራችኝና ኮምፒውተሩን አሳየችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማኅበሩ ለላሞች መኖ የሚያከፋፍለው የኑግ ፋጉሎ ጥቂት ስለሆነ፣ ሦስት ወር በተከታታይ በቀን ከአምስት ሊትር በታች ያስገባ አባል ከፋጉሎው ዝርዝር ይወጣል። ነገ ስብሰባው ላይ የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ አለ።

"እሳቸው ናቸው፤ አሁን የቀለዱብህ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጧት ሁለት፣ ማታ ሁለት ብቻ ሆነ።"

"ከዝርዝሩ ቢወጡስ?"

"ያለ ፋጉሎ ላማቸውን ቡሬን አይችሏትም። ነገ ደግሞ ገበያ ነው።" በመስኮቱ ወደ ከብት ተራው አቅጣጫ አየች። "ጠይቄያቸው ነበር፤ ከወጣሁ እዚያው እሸጣታለሁ ነው ያሉኝ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። ሌላ ምን አላቸው?"

መዝገቡን ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ሥዕል አወጣሁት። የሌላው አባል መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ላም ናትና አንድ ቀን ትለግማለች፣ አንድ ቀን ደስ ይላታል። የእሳቸው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ብዙ ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ላም አትሠራውም። ወይ የተበላሸ ማሽን ነው፣ ወይ ሰው ነው። ማሽኑን መዝኜዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ "ላሚቱን ልይ" ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ለመመርመር የሄድኩ ሰው ለመማር ነው የገባሁት። በረቱ ከእኔ መኝታ ቤት ይጸዳል። ወለሉ በድንጋይ ተነጥፎ ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብሏል፤ ሽንቱ በቦይ ወጥቶ ጎመኑ ሥር ይገባል። ማንም መሐንዲስ አልነገራቸውም። ድርቆሹ ዝናብ እንዳያገኘው ከፍ ብሎ በቆጥ ላይ ተከምሯል። ቡሬዋ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ፣ እኔን ስታይ ከአፏ ድርቆሽ ሳታወጣ ገልመጥ ያደረገችኝ ትልቅ ላም ናት። ሴትየዋ በእጃቸው ጆሮዋን ገልብጠው መዥገር ይፈልጋሉ፤ ሲነኳት ዓይኗን ትጨፍናለች።

"በቀን ስንቴ ነው መዥገር የሚለቅሙላት እናቴ?"

"ሥራ ስፈታ ሁሉ። አንተ ስልክህን እንደምትነካካው።"

ከዚያ ቁጭ በል አሉኝና እርጎ አመጡልኝ። ሐሙስ ነው፣ ጾም የለም። ዋንጫው ትልቅ ነው፤ በወይራ የታጠነ፣ ወፍራም፣ ላዩ ላይ ቅባት የጣለ እርጎ። ጨረስኩት። ደገሙኝ። ሁለተኛውን እያጋመስኩ ሳለ ነው አእምሮዬ ከሆዴ ኋላ ዘግይቶ የደረሰው። ይሄ ሁሉ እርጎ በቀን አራት ሊትር ከምትታለብ፣ አራቱም ሊትር ማኅበር ከሚገባባት ላም ከየት መጣ? በሕይወቴ ብዙ ብልሽት አግኝቻለሁ፤ በሆዴ ያገኘሁት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሊያልቡ ተነሡ። ለብ ያለ ውሃ ይዘው ጡቷን አጠቡና ዞር ብለው አዩኝ።

"ፊትህን አዙር።"

"ለምን እናቴ?"

"ስትታለብ እንግዳ አያያትም። ወደ ግድግዳው ዙር።"

በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነሆዴ፣ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ ፊቴን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ግን ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ወተቱ የዕቃውን ታች ሲመታ ጭር፣ ጭር ይላል። ከዚያ ዕቃው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ፣ አረፋው ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ሁለቱ እጆቻቸው አንዴም ሳይሳሳቱ፣ አንዴም ሳይፈጥኑ ይቀጥላሉ። ለቡሬዋ የሆነ ነገር በለሆሳስ ይነግሯታል። ዕቃ ሲቀየር ሰማሁ። እንደገና ጭር፣ ጭር። የግራ እግሬ ደነዘዘ። እኔ የማሽን ማራገቢያ ድምፅ ሰምቼ የሚሞት ዲስክ እለያለሁ ብዬ የምፎክር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ግን በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻ በሊትር ጣሳ ተጠለቀና ጀሪካን ውስጥ ተንቆረቆረ። አንድ። እንደገና። ሁለት። ከዚያ ክዳን ተከደነ።

"አሁን ዙር" አሉኝ።

ጀሪካኑን በአንድ ጣት አንጠልጥለውታል።

"እናቴ፣ የቀረውስ?"

"የቱ የቀረው?"

"ሆዴ ውስጥ ላለው እርጎ ዘመድ የሆነው።"

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቡሬዋም ማላመጧን ያቆመች መሰለኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዳኛ አዩኝ።

"አንተ ነህ አይደል ያንን ቀይ ነገር የሰቀልከው?"

"እኔ ነኝ።"

"በመጀመሪያው ቀን የቡሬን ወተት ሳስቀምጥ ያ ቁጥር ቦግ አለ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ እንኳ ቤቴ ቆጥሬው የማላውቀውን። በሳምንቱ አንዱ ጡቷ አብጦ አደረ። ስንት ቀን በሞቀ ጨርቅ ሳሽ ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጣሳ ነው፤ ማንም ሁለት ጣሳ አይቶ አይቀናም።"

እኔም መሐንዲስነቴ ተነሣብኝ። "እናቴ፣ የጡት በሽታ እኮ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። በዓይን የማይታይ..."

"እሱን አውቃለሁ፤ ሐኪሙም ነግሮኛል። ባክቴሪያውን ማን ጠራው?"

መልስ ቦርሳዬ ውስጥ ፈለግሁ። ካልሲ ብቻ ነው ያለው።

ያፈርኩት ግን በዚህ አይደለም። የእስቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ወተት ከበረት ወደ ቤት ስታሻግር ዕቃውን በነጠላዋ ጋርዳ ነበር፤ በመንገድ ሰው ቢያገኛት እንኳ "ምን ያዝሽ" ብሎ አይጠይቃትም። "ስንት ታለበች" ብሎ መጠየቅማ ብልግና ነው። እኔ ይህን እያየሁ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ተመለስኩና በቀይ መብራት ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ደግሞ ፎቶ አነሣሁ። ያን ዕለት ጧት የእኔ ክብደት ሲነበብ ሆዴን የሳብኩት ሰውዬ ምን ነካኝ?

"ነገ ከዝርዝሩ ሊያወጡዎት ነው፤ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ሙሉውን ይዘው ቢሄዱ አይሻልም?"

"እሷን ለዓይን ሰጥቼ በፋጉሎ ላብላት?" ድምፃቸው አልተለወጠም። "ብሸጣት ይሻለኛል። ደህና ትሄዳለች፤ የሚገዛት ሰውም ጋርዶ ያልባታል። ለመሪጌታ እንዳትናገር ልጄ።"

"አልናገርም" አልኩ።

ወደ ማኅበሩ አብረን ስንሄድ ጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ሚዛን ተሰቀለ። "ሚዛኑ ደህና ነው" ብዬ ብፈርም እውነት ነው፤ በዚያ እውነት ግን ነገ ቡሬ ከብት ተራ ትቆማለች። ምስጢራቸውን ባወጣ ደግሞ ላሚቱን ከነወተቷ አርብ ገበያ ፊት ማስቆሜ ነው። ሴትየዋ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ያችን ሁለት ጣሳ እንኳ ጋርደው።

እሳቸው አስመዝግበው ከተመለሱ በኋላ መሪጌታን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

"ሚዛኑ ደህና ነው መሪጌታ። የተበላሸው የሰቀለው ሰው ነው።"

"እንዴት?"

"የሰሌዳው ቦታ ስህተት ነው። እሱ ከተሰቀለ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ የላሞቹን ልክ አያሳይም።"

"ቁጥሩ ልክ ከሆነ ቦታው ምን አደረገ?"

"ከሰው ዓይን ፊት አድርጌዋለሁ።"

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ቤተ ክርስቲያን የሚሞላው ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ አነሰ።

"እኔም ቤት" አሉ፣ "በር ኋላ አንድ ጀሪካን ይቀራል። ባለቤቴን ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ለካ ሚዛኑ አይደለም የሚጠጣው።"

ተያየን። ሁለታችንም ቶሎ ዓይናችንን መለስን።

"ይህን በጽሑፍ ስጠኝ" አሉ። "ሕጉ ሦስት ወር ይላል። ሦስቱን ወር የምሰርዘው ማኅተም ባለው ወረቀት ነው እንጂ በወሬ አይደለም።"

ፎርሙን አወጣሁ። "የብልሽቱ ዓይነት" የሚለው ላይ "የተከላ ስህተት" ብዬ ጻፍኩ። "የታየበት ጊዜ" ላይ "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ"። "ተጠያቂው" የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ከበደኝ። እስካሁን በዚህ ቦታ አይጥ፣ መብረቅ፣ አንድ ጊዜም ፍየል ጽፌበታለሁ። የራሴን ስም ጽፌ አላውቅም። አለቃዬ ያንን ፎቶ ለስንቱ እንዳሳየው አውቃለሁ፤ "ተከላ ማለት እንዲህ ነው" እያለ። ጻፍኩትና ፈረምኩ። ማኅተሙን ሳሳርፍበት ከተለመደው በላይ የጮኸ መሰለኝ።

አርብ ጧት ሰልፉ ሳይበዛ ሰሌዳውን ላወርድ መሰላል ላይ ወጣሁ። አንዱም ብሎን አልፈታ አለ። የዛሬ አራት ወር "ለልጅ ልጅ ይቆይ" ብዬ አጥብቄ ነው ያሰርኩት። ካቻቢቴው ተንሸራተተ፣ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከታች ደግሞ ምክር ይዘንባል።

"ትናንት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ይሄ መሰላል ይችለው እንደሆነ ቢጠየቅ ጥሩ ነበር" አለች አንዷ።

"ተዉት፣ ይወርዳል። ሰሌዳው ባይወርድ እሱ ይወርዳል" አለች ሌላዋ።

ሴትየዋ ደረሱ። ዛሬ በሁለቱም እጃቸው ጀሪካን ይዘዋል፤ መሪጌታ ማታ ልከውባቸው የወረቀቱን ነገር ነግረዋቸዋል። ቆመው ትንሽ አዩኝ።

"ውረድ ልጄ፤ ትሰበራለህ" አሉ። ከጀሪካኖቹ ላይ የጋረዱበትን ጨርቅ አነሡና ወደ ላይ ዘረጉልኝ። "ይሄን ጣልበት።"

ጣልኩበት። አለቀ። ልጅቷ ቁጥሩን ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ታየዋለች፤ ውጭ ያለው ሰልፍ የሚያየው በጨርቅ ሥር ደብዘዝ ያለ ቅላት ብቻ ነው። እኔ ብሎን ልፈታ ስታገል ሁለት ሰዓት የፈጀሁበትን ሥራ እሳቸው ሁለቱን ጀሪካን ሳያስቀምጡ ሠሩት ብል ውሸት ነው፤ አንዱን አስቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወተታቸውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ጨርቁ ሥር ቀላ። ሰልፉ ቀና አለ፤ የሚነበብ የለም፤ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ ሴትየዋን አየች፣ መዘገበች።

"ስንት ሆነ?" አሉ መሪጌታ ከደጅ፣ ረስተው።

"ደህና ነው" አለች ልጅቷ።

አርብ ስለሆነ ወተቱ ለቅቤ ወደ መናጫው ሄደ። ከኋላቸው የመጡት ሴቶችም ያን ቀን ጀሪካናቸው ከበድ ያለ መሰለኝ፤ እኔ ግን አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ኬብል ስጠቀልል ነበር።

ስብሰባው ላይ መሪጌታ ወረቀቴን ዜማ ሊሆን ምንም በማይቀረው ድምፅ አነበቡት። ጥፋቴ እንዲህ አምሮ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። "ተጠያቂው" ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ስሜን እስከ አያቴ አነበቡት። አባላቱ እየሳቁ እጃቸውን አወጡ፤ ሦስቱ ወር ተሰረዘ፤ ከዝርዝሩ የወጣ ሰው የለም። ሴትየዋ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉና፦

"አንተም ፋጉሎህ አልተቋረጠብህም" አሉኝ።

እኔ ወደ መናኸሪያው ስሄድ ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወደ ተራው ይጎርፋል። ቀይ በሬ አለ፣ ዳልቻ አለ፣ ወይፈን አለ። ዥጉርጉር ላም ፈለግሁ፤ የለችም።

አለቃዬ ወረቀቱን አንብቦ ደወለልኝ። ከወረቀቱ ጋር የላክሁለትን አዲስ ፎቶም አይቶታል። "ሰሌዳው ላይ ያለው ጨርቅ ምንድን ነው?" አለኝ። "ማሻሻያ ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ስማዳ ላለው ሚዛንም ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእሱም እናት ላም ነበራት መሰለኝ።

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ደርሼ ታሪኩን ለባለቤቴ ከነመሰላሉ አጫወትኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ። ከዚያ እየጠረገች፦

"ለመሆኑ ያቺ ላም ስንት ትታለባለች?" አለች።

"ትታለባለች" አልኳት።